ሶላር በቤታችን ጣሪያ፦ የገዛነው ዕቃና የተሠራልን ሥራ

በአዲስ አበባ ኮተቤ አካባቢ በሚገኘው የቤተሰባችን መኖሪያ ቤት ላይ ስድስት የሶላር ፓኔሎች፣ አንድ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኃይል የሚለውጥ መሣሪያ) እና በድምሩ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የሚይዙ ሁለት የሊቲየም ባትሪዎች ካስተከልን አንድ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ አልፏል። ስለዚህ ሥራውን በርክክቡ ዕለት ባየነው ሳይሆን በዝናብም በሐሩርም በሰጠን አገልግሎት መመዘን ይቻላል። ከዕቃው ይልቅ በተከላው ላይ የማተኩረው ሆን ብዬ ነው። ታዋቂ አምራቾች የሚያወጧቸው ፓኔሎች ዛሬ በጥራት እጅግ የተቀራረቡ ናቸው፤ አንዱን ቤት ከሌላው የሚለየው ፓኔሉ ከጣሪያው ጋር እንዴት ታሰረ፣ ሽቦው በየት በኩል አለፈ፣ የመሬት መስመሩ (ያመለጠ ኃይልን ወደ አፈር የሚያወርደው ሽቦ) ተለክቷል ወይስ በግምት ታልፏል የሚለው ነው። ለዚህ ሥራ ከከፈልነው ገንዘብ ትንሹ ድርሻ የዋለው ለተከላው ጉልበትና ለጥቃቅን መገጣጠሚያዎች ሲሆን፣ ሥራው ያማረባቸውም የጎደለባቸውም ቦታዎች በሙሉ የተገኙት በዚሁ ትንሽ ድርሻ ውስጥ ነው።

ሶላር ያስተከልነው መብራት ሲጠፋ ቤቱ ሥራውን እንዳያቆም እንጂ የመብራት ክፍያን ለመቀነስ አይደለም። ይህን ዓላማ ከመነሻው መለየት የሚገዛውን ዕቃ ዓይነትና መጠን ይወስናል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ይሁን እንጂ የመነጨው ኃይል ወደ ቤት የሚደርሰው በሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ በእንጨት ምሰሶዎችና በላያቸው በተዘረጉት ሽቦዎች ነው። በእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው በአብዛኛው ነፋስና ዝናብ ሽቦዎቹን ሲያነካካ፣ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ወይም መስመሩ ለጥገና ሲዘጋ ነው። ግድቡ የሰጠንን ኃይል የሚመጥን የማከፋፈያ መስመር እስኪዘረጋ ድረስ፣ ሥራውን ከቤቱ የሚሠራ፣ ወይም መድኃኒት በፍሪጅ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ የራሱን መጠባበቂያ መያዙ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፍያን ለመቀነስ ብቻ ለሚያስብ ሰው ግን ሒሳቡ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ የተወሰነው የታሪፍ ማሻሻያ ከመምጣቱ በፊት፣ ለመኖሪያ ቤት ከፍተኛው ታሪፍ በኪሎዋት ሰዓት 2 ብር ከ50 ሳንቲም እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያ ዋጋ በቀን 10 ኪሎዋት ሰዓት ከፀሐይ የሚያገኝ ቤት በዓመት የሚያተርፈው ወደ 9,000 ብር ብቻ ነበር፤ ይህም ለአንድ ባትሪ የወጣውን ገንዘብ ለመመለስ እጅግ ረጅም ዓመታት ይፈልጋል። ታሪፉ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ሒሳቡ እየተሻሻለ መምጣቱ አይቀርም። ቢሆንም «በሁለት ዓመት ዋጋውን ይመልሳል» የሚል ሻጭ ያጋጠመው ሰው ስሌቱን በወረቀት ላይ አስቀምጦ እንዲያሳየው ይጠይቅ። በዚሁ አጋጣሚ ባትሪ የሌለው፣ በቀጥታ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር የሚገናኝ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ በመስመር ላይ ያሉ ሠራተኞችን ከአደጋ ለመጠበቅ ሲባል ራሱን እንደሚያጠፋ መታወቅ አለበት። ርካሽ ነው ተብሎ የሚሸጠው ይህ ዓይነት ተከላ ለእኛ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ አይሆንም።

ተካዩ ድርጅት ትልቁ ምስጋና የሚገባው ዋጋ ከመናገሩ በፊት ቤቱን በማጥናቱ ነው። ቀደም ብለን ያነጋገርናቸው ሌሎች ሻጮች በስልክ «ስንት ክፍል ነው?» ብለው ብቻ ፕሮፎርማ ልከውልን ነበር፤ የክፍል ብዛት ግን ስለ ፍጆታ የሚናገረው ጥቂት ነው። እነዚህኞቹ ቴክኒሻን ልከው የእያንዳንዱን መስመር ጭነት ሽቦውን አቅፎ በሚለካ ክላምፕ ሜትር ለኩ፤ የትኛው ዕቃ በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራ ጠየቁ፤ ውሃውን ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋውን ፓምፕ ደግሞ ደጋግመው እያስነሱ ተመለከቱ። ይህ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም አንድ የፈረስ ጉልበት ያለው ፓምፕ ሲሠራ 750 ዋት ያህል ቢወስድም፣ በሚነሣበት ቅጽበት ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ኢንቨርተሩ ይህን ቅጽበት መሸከም ካልቻለ ቤቱ በሙሉ ይጠፋል። በዚህ ጥናት ምክንያት አስቀድመን የጠየቅነው ባለ 3 ኪሎዋት ኢንቨርተር ወደ 5 ከፍ ሲል፣ የፓኔሎቹ ቁጥር ግን ከስምንት ወደ ስድስት ዝቅ አለ። ገዢው የጠየቀውን ከመሸጥ ይልቅ የሚያስፈልገውን መናገር በዚህ ገበያ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም።

የአገራችንን ቤት የሶላር ስሌት ከሁሉም በላይ የሚያከብደው ምጣድ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ሁለት ሰዓት የቆየ ጋገራ የእኛን የሚያህል ባትሪ አብዛኛውን ክፍል ይጨርሳል። ድርጅቱ ምጣዱንና የመታጠቢያ ቤቱን ቦይለር ከኢንቨርተሩ ውጭ አድርጎ በቀጥታ ከመብራት ኃይል መስመር ጋር እንዲቀሩ ሐሳብ አቀረበ። እናቴ ይህን ስትሰማ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል ብላ ጠየቀች። ቴክኒሻኑ «እማማ፣ ቀን ፀሐይ ባለበት ሰዓት ከሆነ በሶላሩ እንዲጋግሩ እናደርግልዎታለን፤ ማታ ግን ባትሪውን ይጨርሰውና ሌሊቱን ፍሪጁም መብራቱም አብረው ይጠፋሉ» ሲል በትሕትና አስረዳት። በዚህ መሠረት በእጅ የሚዞር ቼንጅ ኦቨር (መስመር መቀያየሪያ) ተገጠመለትና ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ምጣዱን ወደ ኢንቨርተሩ ማዞር ይቻላል። በዚያ ሰዓት የሚመጣው የፀሐይ ኃይል ጭነቱን ከባትሪው ጋር ይካፈለዋል፤ ሌላ ከባድ ዕቃ አብሮ እስካልተከፈተ ድረስም ኢንቨርተሩ አይደክምም። ይህን መፍትሔ ከሥራው ሁሉ የላቀ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ የቤቱን ኑሮ አይቶ የተሠራ ነውና።

ወደ ጣሪያው ሥራ ስንመጣ የቤታችን ቆርቆሮ ባለ 32 ጌጅ ሲሆን፣ የተመታውም በባሕር ዛፍ ሞራሌ ላይ ነው። ብዙ ሰው ስለ ፓኔሉ ክብደት ይጨነቃል። እያንዳንዱ ፓኔል 28 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ስድስቱ ከአሉሚኒየም ሐዲዳቸው ጋር ወደ 200 ኪሎ ይጠጋሉ፤ ይህ ክብደት ግን ከ15 ካሬ ሜትር በላይ በሆነ ስፋት ላይ ስለሚከፋፈል ጤናማ ጣሪያ አይከብደውም። የሚያሳስበው ነፋስ ነው። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል ላለው ክፍተት ነፋስ ሲገባ ወደ ላይ የመንጠቅ ኃይል ይፈጥራል፤ ብሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ይዞ ከቀረ ፓኔሉ ከነቆርቆሮው ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሰሪያ ቆርቆሮውን አልፎ እንጨቱን መንከስ አለበት። ሠራተኞቹ የኮርኒሱን መግቢያ ከፍተው ጣሪያው ሥር በመግባት ሞራሌዎቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ በምስጥ የተበሉ አግኝተው እስኪቀየሩ ድረስም ሥራውን አልጀመሩም። የእንጨቱ ዋጋ ተጨማሪ ተጠይቆብናል፤ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስከፋ አይደለም። ብሎኖቹ የገቡት በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ባለመሆኑ፣ ከሥራቸውም የጎማ ዋሸርና ሲሊኮን ስለተደረገላቸው ክረምቱን ሙሉ አንዲት ጠብታ ወደ ኮርኒሱ አልወረደችም። በፓኔሉና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚያልፍበት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ክፍተት መተዉም ትክክል ነው፤ ፓኔል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳልና። ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጨመረው በእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ለሶላር የሚመች ነው።

አቅጣጫን በተመለከተ በከተማችን ብዙ የተሳሳተ ምክር ይሰጣል። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ካልዞረና 30 ዲግሪ ካልዘነበለ አይሠራም የሚለው ከሰሜኑ የዓለም ክፍል የተቀዳ ሥርዓት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ አራተኛው ሳምንት ድረስ ፀሐይ በቀትር የምታልፈው ከራሳችን በላይ ትንሽ ወደ ሰሜን አዘንብላ ነው፤ ወደ ደቡብ ይበልጥ የምታጋድለው በታኅሣሥ ነው። ለዚህ ቦታ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዝቅተኛ ዝንባሌ ይበቃል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን የዝናብ ውሃ አቧራውን ይዞ አይወርድም። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ ሰው ዝንባሌው አነስተኛ እስከሆነ ድረስ የሚያጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ፓኔሉን በብረት ማማ ላይ አቁሞ ለማዞር የሚወጣው ወጪ ዋጋ የለውም። እንዲያውም በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመና ስለሚበዛ የጠዋቷን ፀሐይ የሚቀበል የምሥራቅ ጣሪያ የራሱ ጥቅም አለው። የእኛው የደቡብ ጎን ስላለው በቆርቆሮው ዝንባሌ ልክ ተነጥፎ ቀርቷል።

ከአቅጣጫ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጥላ ነው። ፓኔሎቹ በተከታታይ ስለሚገናኙ በአንዱ ላይ ያረፈ ጥላ የሌሎቹንም ኃይል ይጎትታል። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት፣ ኃይሉ ጥላ ያረፈበትን ክፍል ዘልሎ እንዲያልፍ የሚያደርጉት ዳዮዶች ጉዳቱን ቢቀንሱትም አያስቀሩትም። ቴክኒሻኑ የሮቶው ማማ ጥላ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚያርፍ ሳይለካ የፓኔሎቹን ቦታ አልወሰነም፤ የጎረቤት ባሕር ዛፍም በስምምነት ተገርዟል። በአጠገባችን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቢነሣ ምን ይሆናል የሚለውን ግን እኛው አንሥተን እስክንጠይቅ ድረስ አላሰቡበትም። አዲስ አበባ በምትለወጥበት ፍጥነት ይህ ጥያቄ በጥናቱ ቅጽ ላይ ቋሚ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ገበያ ላይ ቁጥሩ የተጋነነ ፓኔል መኖሩን ስለምናውቅ ዕቃው ሲመጣ በሜትር ለክተን ተረከብን። ዘዴው ቀላል ነው። አሁን በገበያ ላይ ያሉ ጥሩ ፓኔሎች በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 240 ዋት ገደማ ይሰጣሉ። የእኛው ባለ 550 ዋት ሲሆን ቁመቱ 2 ሜትር ከ28፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ13 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሲባዛ 2.58 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናልና ቁጥሩ ይገጥማል። በዚህ ስፋት ላይ 700 ወይም 800 ዋት ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የተለጠፈበት ፓኔል ቢቀርብ ጽሑፉ ሐሰት መሆኑን ለማወቅ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ከፓኔሎቹ ወደ ኢንቨርተሩ በሚወርደው መስመር ላይ ሠራተኞቹ በመጀመሪያ የገጠሙት ለተለመደው የቤት መብራት የሚሠራውን ብሬከር ነበር። ስድስት ፓኔሎች በተከታታይ ሲገናኙ 300 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ (DC) ኃይል ያወጣሉ። ከመብራት ኃይል መስመር የሚመጣው ተለዋዋጭ (AC) ኃይል በመሆኑ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል፤ ብሬከሩ ሲከፈት በመካከል የሚፈጠረው ብልጭታም በዚያች ቅጽበት ይጠፋል። ቀጥተኛው ኃይል ግን ዜሮ የሚባል ቅጽበት የለውም፤ ለዚህ ያልተሠራ ብሬከር በጭነት ላይ ሲከፈት ብልጭታው ሳይጠፋ ቀጥሎ ሳጥኑን ሊያቀልጥና እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህን የተመለከተው በሙያው ኤሌክትሪሺያን የሆነ የአጎቴ ልጅ ነው። ድርጅቱ ስንነግረው ሳይከራከር ለቀጥተኛ ኃይል በተሠራ ብሬከር ቀይሮታል፤ ከመብረቅ የሚከላከለውን መሣሪያም ጨምሮ ገጥሟል። ሆኖም ጣሪያ ላይ ያን ያህል የተጠነቀቀ ቡድን በዚህ ነጥብ ላይ ሊዘናጋ አይገባውም ነበር። ለቤት ባለቤት የማሳስበው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ብሬከር ላይ ለቀጥተኛ ኃይል የተሠራ መሆኑና የሚችለው ቮልት መጻፉን ገና ሳይከፈል በዓይኑ እንዲያይ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የመሬት መስመር ነው። ፕሮፎርማው ላይ ስለ መሬት መስመር አንዲት ቃል አልነበረችም፤ ሲጠየቁ ቤቱ ቀድሞ ያለውን እንጠቀማለን አሉ። የቀድሞው መስመር በሕይወት መኖሩን ግን ማንም አልለካም። በመለኪያ እንዲታይ አጥብቀን ስንጠይቅ ሽቦው ከመሬት በታች ተበልቶ ተገኘ። በመጨረሻም አዲስ የመዳብ ዘንግ ተቀብሮ፣ የፓኔሎቹ ፍሬም፣ ሐዲዱ፣ ኢንቨርተሩና የመብረቅ መከላከያው በአንድ ተያይዘው የመሬት መስመሩ ተቃውሞ ልኬት ከ10 ኦም በታች ሲሆን ተረከብነው። የዚህን ወጪ ግማሽ ድርጅቱ ራሱ ሸፍኗል። አፈር ሲደርቅ ልኬቱ ስለሚጨምር በክረምት የተለካ ቁጥር ብቻውን አያረጋጋም፤ በበጋ ተደግሞ መለካት አለበት።

ባትሪውን በተመለከተ ለምርጫ የቀረቡልን ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪዎችና ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነበሩ። ጄሉ ሲገዛ ይረክሳል፤ ነገር ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚመከር 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ የተገዛው በተግባር 1.2 ያህል ነው። ሊቲየሙ ከ80 እስከ 90 በመቶ ድረስ ያለ ስጋት ይሰጣል፤ አምራቾቹም 6,000 ያህል ጊዜ ተሞልቶ የመራገፍ ዕድሜ እንዳለው ይጽፋሉ። መብራት በየሳምንቱ በሚጠፋበት ሰፈር ሊቲየሙን መምረጥ ትክክል ነው። ያገለገሉ ሴሎች ተለቅመው በአዲስ ሳጥን እንደሚሸጡ ስለሚነገር በርክክቡ ዕለት ባትሪው ሙሉ ከሆነ በኋላ ፓኔሉንና የመብራት ኃይሉን መስመር ዘግተን፣ የታወቀ ጭነት ሰጥተን እስኪያበቃ ጠበቅን፤ የሰጠው ኃይል በላዩ ከተጻፈው ጋር ተቀራራቢ ነበር። ይህ ፈተና ከግማሽ ቀን በላይ አይወስድም፤ የገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ባትሪው ላይ ስለሆነ ማንም ሊተወው አይገባም።

ሻጮች ከማይነግሩን ነገሮች አንዱ የከፍታ ጉዳይ ነው። ብዙ የኢንቨርተር አምራቾች በመመሪያቸው ላይ ዕቃው ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ መሆኑን ይገልጻሉ፤ ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ የመቀዝቀዝ ችሎታው ይቀንሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ከፍታ በላይ ናት፤ ኮተቤና አካባቢው ይበልጡን ከፍ ይላሉ። ስለዚህ 5 ኪሎዋት የተባለውን ሙሉ በሙሉ ከመጠቀም ይልቅ እስከ 4 ድረስ ማሠራትና ኢንቨርተሩን አየር በሚያገኝ ግድግዳ ላይ መስቀል ይመረጣል። የእኛው በሰርቪሱ በረንዳ፣ ከጥላ ሥር፣ ከማድ ቤቱ እንፋሎት ርቆ ተሰቅሏል፤ የማቀዝቀዣው ድምፅም መኝታ ክፍል አይደርስም።

ዕቃው ጥሩ ሆኖ አስተካከሉ (ሴቲንጉ) ከተበላሸ ጥቅሙ ይቀንሳል። ድርጅቱ ኢንቨርተሩን መጀመሪያ ያስተካከለው ቀን በፀሐይ፣ ማታ በባትሪ፣ ባትሪው ሲያልቅ በመብራት ኃይል እንዲሠራ ነበር። ይህ ሥርዓት ክፍያን ለሚቀንስ ሰው ይስማማል፤ ነገር ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ መብራት ቢጠፋ ባትሪው ባዶ ሆኖ ይገኛል። እኛ የፈለግነው መጠባበቂያ ስለሆነ፣ መብራት እያለ ባትሪው ከ60 በመቶ በታች እንዳይወርድ አስቀየርነው። በምሽት ቮልቱ በሚወርድበት ሰፈር ደግሞ ሌላ ነጥብ አለ። ኢንቨርተሩ ከውጭ የሚቀበለው ዝቅተኛ ቮልት 170 ላይ ከተደረገ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ቮልቱ በወረደ ቁጥር ወደ ባትሪ ይዞራል፤ ይህም ኮምፒውተርን ከጉዳት ይጠብቃል፣ ባትሪውን ግን ደጋግሞ ያሠራዋል። በእኛ ቤት ይህ ይሻላል ብለን ትተነዋል። ካርድ የሚሞላበት ቆጣሪ ያላቸው ቤቶች ደግሞ ኢንቨርተራቸው ትርፍ ኃይል ወደ ውጭ እንዳይልክ መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ቆጣሪ ወደ ውጭ የወጣውንም እንደ ፍጆታ ቆጥሮ ከካርዱ ላይ ይቀንሳል።

ውጤቱ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ቀናት ስድስቱ ፓኔሎች በቀን ወደ 14 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጡናል፤ ባትሪው ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ሞልቶ የቀረው ፀሐይ ሳንጠቀምበት ያልፋል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ወደ 6 ወይም 7 ይወርዳል፤ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ከ4ም በታች ሆኖ አይተናል። ድርጅቱ በፕሮፎርማው ላይ የጻፈው የዓመቱን አማካይ ብቻ ስለነበር፣ መብራት አብዝቶ የሚጠፋበት ክረምት ፀሐይም የምትቀንስበት ወቅት መሆኑን ደንበኛው ሊረዳ አይችልም። የሐምሌ ወር ግምት ለብቻው ተጽፎ ቢቀርብ ይበልጥ ታማኝ ይሆን ነበር። በበጋ በኩል ያለው ፈተና አቧራ ነው፤ ጠዋት ፓኔሉ ሳይሞቅ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ልዩነቱን ወዲያው በቁጥር ያሳያል። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ግን አይገባም።

በዕለት ተዕለት አገልግሎቱ ረክተናል። መብራት ሲጠፋ አምፖሎቹ ለዓይን ቅጽበት እንኳ ብልጭ አይሉም፤ ራውተሩ አይቋረጥም፤ ፍሪጁም ድምፁን አይለውጥም። እያንዳንዱ ብሬከር ላይ «ሳሎን»፣ «ፓምፕ»፣ «ምጣድ» ተብሎ በአማርኛ መጻፉ፣ ከሳጥኑ በርም ውስጥ በአደጋ ጊዜ የትኛው አስቀድሞ እንደሚዘጋ በቅደም ተከተል መለጠፉ ሌሎች ተካዮችም ሊከተሉት የሚገባ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው ቴክኒሻን ሳይጠራ ሊዘጋው ይችላል።

ያልረካሁበት ኃይሉን በስልክ የምንከታተልበት መተግበሪያ ነው። ድርጅቱ መለያውን የከፈተው በራሱ ስም ሲሆን፣ ለእኛ የሰጠን መመልከት ብቻ የሚያስችል ፈቃድ ነበር። የቤታችን ፍጆታ፣ ማለትም መቼ ቤት እንደምንውልና መቼ እንደምንወጣ የሚያሳይ መረጃ፣ በሌላ ሰው እጅ መሆኑ ተገቢ አይደለም፤ ድርጅቱ ነገ ቢዘጋም አስተካከሉን መለወጥ አንችልም ነበር። ከብዙ ውትወታ በኋላ ወደ እኛ ስም ተዛውሯል። ይህ በርክክቡ ዕለት በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነበር።

ስለ ዋጋ በብር ቁጥር መናገር አንባቢን ያሳስታል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ፕሮፎርማዎች የሚጸኑት ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ድርሻውን ብነግር ግን ይጠቅማል፦ ከአጠቃላይ ክፍያው ግማሽ የሚጠጋው ባትሪው፣ ሩብ ያህሉ ኢንቨርተሩ፣ አምስተኛው ፓኔሎቹ ሲሆኑ የቀረው ሽቦ፣ ብሬከር፣ ሐዲድና ጉልበት ነው። ቅናሽ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ ብዙ ተካይ የሚቀንሰው ከዚህ ከመጨረሻው ነው፤ ሽቦው ይቀጥናል፣ የመሬት መስመሩ ይቀራል፣ ብሬከሩ በርካሽ ይተካል። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር፣ የብሬከሩ ዓይነትና የመሬት መስመሩ ልኬት በዝርዝር ካልተጻፉ ዋጋ መከራከር ትርጉም የለውም። ባለ 48 ቮልት ባትሪ 5 ኪሎዋት ሲሰጥ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚያልፍበት፣ ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄደው ሽቦ በተለይ መቅጠን የለበትም። የእኛው 35 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ በሙሉ ጭነት ጊዜ በእጅ ሲዳሰስም አይሞቅም።

ፓኔሎቹ ለ25 ዓመት የኃይል ዋስትና አላቸው፤ ይህን ዋስትና ለማስከበር ግን የፓኔሎቹ መለያ ቁጥር፣ ደረሰኙና የተከላው ሰነድ በእጅ መኖር አለባቸው። ድርጅቱ ሰነዱን ያስረከበን ዘግይቶ ቢሆንም የተሟላ አድርጎ ነው፤ የመስመሩ ንድፍም ተካቶበታል። ከተከላው በኋላ የነበረው የአንድ ዓመት ነፃ ክትትልም በቃሉ መሠረት ተፈጽሟል፤ ከክረምቱ በኋላ መጥተው ማሰሪያዎቹን አጠበቁ፣ ርግቦች ከፓኔሉ ሥር ጎጆ እንዳይሠሩም ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ ከለሉት። ለሁለተኛው ዓመት የጥገና ውል ከዚሁ ድርጅት ጋር ፈርሜአለሁ፤ የመሬት መስመሩ በየዓመቱ የካቲት ላይ ተለክቶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ የሚል አንቀጽ በውሉ ላይ እንዲጨመር ጠይቄ ተቀብለውኛል።